ጉግስ ይታያል፤ ማን ያስተምራል?

«ፈረንጅ ፋስ ለመወርወር ገንዘብ ይከፍላል» ሲባል የሰማ የኮሶዬ ገበሬ መጀመሪያ ይስቃል። ቢስቅ አይፈረድበትም። እሱ ዘንድ ፋስ ባሕር ዛፍ ይቆረጥበታል፣ ማገዶ ይፈለጥበታል፣ ሞፈርና ቀንበር ይጠረብበታል። ጠዋት ፋሱን ትከሻው ላይ ጥሎ የወጣ ሰው ማታ ወገቡን ይዞ ነው የሚመለሰው። ለዚህ ድካም ደግሞ ከፍሎ የሚገባ ሰው አለ ቢሉት ምን ያድርግ? ይስቃል።

ሳቁ ሲያልፍ ግን የሚቆጠቁጥ ነገር ይመጣል።

በፈረንጆች 2006 ካናዳ፣ ቶሮንቶ ውስጥ፣ አንድ ሰው ጓደኞቹን ጓሮው ሰብስቦ ጣውላ ላይ ፋስ መወርወር ጀመረ። በ2016 ለጨዋታው ፌዴሬሽን ተቋቋመለት። በ2017 ደግሞ የዓለም ሊግ የተባለ ሌላ ማኅበር ተመሠረተ። ከጓሮ ተነስቶ የዓለም ሊግ እስኪባል 11 ዓመት ብቻ ፈጀበት። ዛሬ በሰሜን አሜሪካ ትልልቅ ከተሞች ፋስ ነክቶ የማያውቅ የቢሮ ሠራተኛ ከሥራ ሲወጣ ጎራ ብሎ በአንድ ሰዓት ውስጥ መወርወር ተምሮ ይሄዳል።

ጉግስስ?

ጉግስ ዕድሜው በዓመት የማይቆጠር ጨዋታ ነው። ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፣ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፣ ምኒልክ «አባ ዳኘው» እየተባሉ በፈረሳቸው ስም በተጠሩበት አገር፣ ፈረስ ላይ ሆኖ መወርወርና መመከት የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነበር። ጉግስ ደግሞ የዚያ ልምምድ ነው። ጦሩ በዘንግ ተተካ፣ ጋሻው እንዳለ ቀረ፣ አንዱ ወገን ይሸሻል፣ ሌላው ያባርራል፣ ከዚያ ተራው ይገለበጣል። ይህን ያህል ዘመን የተሻገረ ጨዋታ ዛሬ ያለው መድረክ የበዓል ሜዳና በየዓመቱ የሚካሄደው አገር አቀፍ የባህል ስፖርቶች ውድድር ነው። ሕዝቡ ዳር ቆሞ ያጨበጭባል፣ ስልኩን አውጥቶ ይቀርጻል፣ ይበተናል።

አሁን አንድ የ14 ዓመት ልጅ እናስብ። ኮሶዬ ተወልዶ ያደገ፣ ፈረስ የሚወድ፣ አባቱም አጎቱም ፈረሰኛ ያልሆኑ። ይህ ልጅ «ጉግስ ልማር» ቢል ማን ዘንድ ይሂድ? የትኛው ሜዳ? በየትኛው ቀን? መጀመሪያ ምን ይያዝ፣ ምን ይልበስ፣ ከማን ጀርባ ይቁም? ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ አንድ ብቻ ነው፦ «ከልጅነቱ ያልጀመረ አይችለውም።» ልጁ እኮ ገና ልጅ ነው!

ስለ ባህል መጥፋት በተወራ ቁጥር ጥፋቱ ወደ ውጭ ይወረወራል። ኳስ ነው፣ ስልክ ነው፣ የውጭ ፊልም ነው ይባላል። እነዚህ ሁሉ ድርሻ አላቸው። ዋናው ጥፋት ግን ከቤት ነው። ጉግስን የሚያዳክመው የሚወደው ሰው መጥፋቱ ሳይሆን ጀማሪ የሚገባበት በር መዘጋቱ ነው። የማያውቀውን የማያስገባ ጨዋታ የሚያውቁት ሲያረጁ አብሮ ያረጃል። ይህን ለመረዳት ጥናት አያስፈልግም።

የፋሱን ጨዋታ ልብ ብሎ ላየ ሰው ትምህርቱ ያለው እዚህ ላይ ነው። ጨዋታው ሲሠራ መጀመሪያ የታሰበው ጀማሪው ነው። ወርዋሪው ከዒላማው 3 ሜትር ተኩል ያህል ራቅ ብሎ መሬት ላይ ከተሠመረ መስመር ኋላ ይቆማል። ፋሷ ትንሽ ናት፣ በአንድ እጅ የምትያዝ። ዒላማው የእንጨት ሰሌዳ ነው። አሠልጣኙ የሚለው ነገር አጭር ነው፦ በሁለት እጅ ያዝ፣ ከራስህ በላይ አንሳ፣ እጅህ ወደ ፊት ሲዘረጋ ልቀቅ፣ አንጓህን አትስበር። ፋሷ በአየር ላይ አንድ ጊዜ ተገልብጣ በስለቷ ትሰካለች። ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ከወረወሩ፣ ሁለቱም ሳይጨርሱ ማንም ፋሱን ለመንቀል አይሄድም። ሕጉ ይኸው ነው።

ጀማሪ ሁሉ የሚሳሳተው ደግሞ አንድ ዓይነት ስሕተት ነው። አልሰካ ሲለው ጉልበት ይጨምራል። ፋሷ በእጀታዋ ትመታና ነጥራ ትመለሳለች፤ እሱ ደግሞ የበለጠ ይበረታል። አሠልጣኙ ያኔ ጉልበቱን እንዲተው ይነግረውና ቦታውን ያስተካክልለታል፦ ግማሽ እርምጃ ወደ ኋላ፣ ወይም ግማሽ እርምጃ ወደ ፊት። ርቀቱ ሲስተካከል ፋሷ ትሰካለች። ጀማሪው ይጮኻል፣ ይስቃል፣ ነገ ጓደኛውን ይዞ ይመጣል። ጨዋታው ያደገው በዚህ ግማሽ እርምጃ ነው።

ኮሶዬ ይህን ማድረግ ያቅታታል? ኮሶዬ እኮ የመወርወር አገር ናት። ከጎንደር ወደ ዳባትና ደባርቅ በሚያወጣው መንገድ፣ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ፣ ደጋው ድንገት ተቆርጦ ገደል የሚሆንበት፣ ከታች ቆላው በጭጋግ ተሸፍኖ የሚታይበት ቦታ ነው። እዚያ ገብስ የሚጠብቅ እረኛ የሚወረውረውን ማን አስተማረው? ወንጭፉን በጣቱ አጥልቆ፣ ድንጋዩን ከቆዳው እቅፍ አስገብቶ፣ ሁለት ሦስቴ አዙሮ አንዱን ጫፍ ሲለቀው፣ ድንጋዩ ጭላዳው ከሚጎረጉረው ማሳ ዳር ያርፋል። ዝንጀሮውን ሳይጎዳ ያስደነግጠዋል። ይህ ልጅ ርቀት መለካት፣ ጊዜ ጠብቆ መልቀቅ፣ ነፋስ ማንበብ ያውቃል። ያስተማረው ታላቅ ወንድሙ ነው፤ ማሳው ዳር ቆሞ፣ «ቀድመህ ለቀቅህ»፣ «ዘገየህ» እያለ።

ስለዚህ የጠፋው እጅ አይደለም። ዓይንም አልጠፋም። የጠፋው ይህን እጅና ዓይን ከማሳው ዳር ወደ ጨዋታ ሜዳ የሚያሻግር ሰውና ቦታ ነው።

ሦስት መከራከሪያዎች ይነሳሉ። አንድ በአንድ መመለስ ይገባል።

የመጀመሪያው፦ «ጉግስ አደገኛ ነው፤ ለጀማሪ አይሆንም።» እውነት ነው፣ በጋላቢ ፈረስ ላይ ሆኖ ከጀርባ ዘንግ መቀበል ቀልድ አይደለም። ታዲያ ስለታም ብረት መወርወርስ? አደጋ የሚቀነሰው ጀማሪን በማባረር ሳይሆን ደረጃ በማበጀት ነው። መጀመሪያ በእግር ቆሞ፣ የቆመ ግንድ ላይ፣ ጫፉ በጨርቅ የተጠቀለለ ዘንግ መወርወር። ቀጥሎ ጋሻ ይዞ፣ በእግሩ እንደ ቆመ፣ የሚመጣበትን ዘንግ መመከት። ከዚያ ለብቻው፣ ምንም ሳይወረውር፣ ፈረስ ላይ መቀመጥና ማዞር። ሦስቱ ሲገናኙ ጉግስ ይሆናል። በበዓል ሜዳ የሚደርሰው ጉዳት ብዙ ጊዜ የሚመጣው እነዚህን ደረጃዎች ሳይወጣ በሞቅታ ፈረስ ላይ ከሚወጣ ሰው ነው።

ሁለተኛው፦ «ገንዘብ የለም።» ለምኑ? ፋስ ወርዋሪዎቹ የጀመሩት በአንድ ጓሮና በጥቂት ጣውላ ነው። ኮሶዬ ሜዳ አላት፣ የባሕር ዛፍ ግንድ አላት፣ ዘንግ የሚቆርጥ ፋስ በየቤቱ አለ። ፈረስም ሩቅ አይደለም። የሚጎድለው «ቅዳሜ ከሰዓት፣ እዚህ ቦታ፣ እከሌ ያስተምራል» የሚል አንድ ቃል ነው። መደራጀት አይቻልም የሚል ካለ ደግሞ ሩቅ ሳይሄድ እዚያው ክልል ውስጥ እንጅባራን ይይ። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም፣ ገና ጣልያን ከአገር ሳይወጣ ነው። ዛሬም ጥር 23 በመጣ ቁጥር ፈረሰኛው በሺዎች ይሰለፋል። አዊ ፈረሱን ያቆየው በናፍቆት ብቻ አልነበረም፤ አባል መዝግቦ፣ ደንብ አበጅቶ፣ ልጅን ከአባት ኋላ አሰልፎ ነው። ጎንደር ይህን ከማድነቅ አልፎ ለምን አይቀዳም? ከጎረቤት መቅዳት ነውር ሆኖ ያውቃል?

እዚህ ላይ ስለ ቱሪስቱም እውነቱን መናገር ይሻላል። በደጉ ጊዜ የሰሜን ተራሮችን ሊያይ የሚሄደው እንግዳ ኮሶዬ ላይ መኪናውን አቁሞ፣ ገደሉን አይቶ፣ ጭላዳውን ፎቶ አንስቶ ይሄዳል። ለእይታ ማንም ብዙ አይከፍልም፤ ገደሉ ለሁሉም ይታያል። ለመማር ግን ሰው ይከፍላል፣ ያድራል፣ እራት ይበላል፣ ፈረስ ይከራያል፣ አገሩ ሲገባም ያወራል። የቶሮንቶው ጓሮ ምሥጢር ይህ ነበር። ፋስ ሲወረወር ቁጭ ብሎ ለማየት ቲኬት የሚቆርጥ ጥቂት ነው፤ ራሱ ሊወረውር የሚሰለፈው ግን ብዙ ነው።

ሦስተኛው መከራከሪያ ከሁሉም ይከብዳል፦ «በዚህ ጊዜ ስለ ጨዋታ ይወራል?»

ጊዜው ክፉ መሆኑን የሚክድ የለም። በ2012 ኮሮና መጣ። በ2013 የሰሜኑ ጦርነት ተከተለ። ከ2015 ክረምት ወዲህ ደግሞ ክልሉ ራሱ የግጭት ሜዳ ሆነ። እንግዳ ቀረ፣ መንገድ ተዘጋ፣ ትምህርት ቤት ተቋረጠ። ሐዘን ያልገባበት ቤት ፈልጎ ማግኘት ከባድ ነው። በዚህ መሀል «ዘንግ ወርውሩ» ማለት ለሰሚው የጠገበ ሰው ወሬ ሊመስል ይችላል።

ግን ልጆቹ ጊዜው እስኪያልፍ ማደጋቸውን አያቆሙም። ዛሬ 14 ዓመቱ የሆነ ልጅ ሰላም ሲመጣ 14 ዓመቱ ሆኖ አይጠብቅም። ማነጣጠር ደግሞ መማሩ አይቀርም፤ ጥያቄው በምን ይማረው ነው። ጠመንጃ ከሩቅ ይመታል፣ የተመታው ሰው ፊት አይታይም፣ አንዴ ከወጣም አይመከትም፣ አይመለስም። ጉግስ ሌላ ነገር ያስተምራል። የሚወረውረው ሰው የሚወረወርበትን ያውቀዋል። አሁን ያባረረ ቆይቶ ይባረራል። ዘንግ የሳተ ይሳቅበታል፣ በጋሻው የመከተ ይጨበጨብለታል፤ ሲመሽ ሁለቱም ወገን አብሮ ይበላል። በገና ጨዋታ ጌታ እንኳ እንደማይቆጣ አገሩ ሁሉ ያውቃል። የአባቶች ጨዋታ ቁጣን ልጓም ያበጀለት ነበር።

አንድ ማኅበረሰብ ልጁን ተራ መጠበቅን፣ መሸነፍን፣ ከተሸነፉ በኋላ ከአሸናፊው ጋር ማዕድ መቅረብን የሚያስተምርበት ሜዳ ከሌለው፣ ይህን ሁሉ የት ይማርልኝ ብሎ ይጠብቃል? በስብሰባ? በመፈክር?

የባህልና ስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ስለ ጉግስ የሚያቀርቡት ሪፖርት ስንት ፈረሰኛ ሰልፍ እንደወጣ ይቆጥራል። ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ነገር ይቁጠር፦ ዘንድሮ ስንት ልጅ ለመጀመሪያ ጊዜ ዘንግ ያዘ? ከነዚህ ውስጥ አባቱ ፈረሰኛ ያልሆነ ስንት ነው? ሴት ልጅ ስንት አለች? መልሱ ዜሮ ከሆነ፣ በዓሉ የቱንም ያህል ቢደምቅ ቀብር ነው፤ አስከሬኑ ገና አልወጣም እንጂ።

የሚያውቁ ሽማግሌዎችም ድርሻ አላቸው። «የዛሬ ልጅ አይሆንለትም» ማለት ቀላል ነው። የወደቀ ግንድ ምሳር ይበዛበታል እንዲሉ፣ በሰነፈ ትውልድ ላይ ሁሉም ምሳሩን ያነሳል። ልጁ ሲስት «ጉልበት የለህም» ብሎ ከማባረር በፊት ግን አንድ ነገር ይሞከር። አጠገቡ ይቆም። እግሩ ይታይ። «ግማሽ እርምጃ ቅረብ» ይባል።

ልጁ ቢቀርብ ይሰካለታል። የራቀው እሱ ብቻ ካልሆነ ደግሞ፣ ሽማግሌውም ግማሽ እርምጃ ይቅረብ።