ውርጭ ያስተማረን

ባለፈው ኅዳር፣ ጉለሌ ከእንጦጦ ግርጌ በሚገኘው ጓሯችን ለመጀመሪያ ጊዜ ጎመንና ቲማቲም አለማን። ሰማዩ ጥርት ብሎ፣ ነፋስም ጸጥ ብሎ ባደረበት አንድ ሌሊት ማግስት ቲማቲሙ ጠቁሮ አገኘነው። ጎመኑ ግን ምንም አልሆነም፤ ከዛፍ ሥር የነበሩ ሁለት የቲማቲም ችግኞችም ተርፈዋል።

«ውርጭ መታው» ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሆኖም ከዛፉ ሥር ያሉት ስለ ምን ተረፉ? በ0 ዲግሪ ሴልሺየስ ላይ የሚገኝ ቅጠል በካሬ ሜትር 315 ዋት ያህል የሙቀት ጨረር ይለቃል። ደመና ወይም የዛፍ ቅርንጫፍ ከበላዩ ካለ አብዛኛው ይተካለታል፤ ጥርት ያለ ሰማይ የሚመልሰው ግን አነስተኛ በመሆኑ ቅጠሉ ከአየሩ ይልቅ ይቀዘቅዛል። ገበሬው ጥርት ያለውን ሌሊት ቀድሞ ይፈራዋል፤ እኛ ግን ለዓመታት በሰሌዳ ላይ ያስተማርነውን ሕግ ከጓሯችን ስንደርስ ዘነጋነው።

እርግጥ፣ ሁለት ችግኝ በቂ ማስረጃ አይሆንም። ስለዚህ በየትምህርት ቤቱ ግቢ አንድ የአትክልት መደብ ይኑር እንላለን፤ ግማሹ ማታ ማታ በጆንያ ይሸፈን፣ ግማሹ ይተው፣ ተማሪዎችም የሁለቱን ሙቀት በቴርሞሜትር ለክተው ይመዝግቡ። ቀመሩን በቃሉ ያጠና ፈተናውን ያልፋል፤ ቲማቲሙን ግን ላያድን ይችላል፤ በእኛ ታይቷል።