የሦስት ፑድ ብረትና የአራት ዓመት ትዕግሥት



ባለፈው ሳምንት ከማለዳው ስፖርት በኋላ አንድ ወጣት ወታደር ቀርቦ፣ «ጓድ መቶ አለቃ፣ ያንን ትልቁን ብረት በአንድ እጅ ከራስ በላይ ለማንሣት ስንት ወር ይበቃል?» ሲል ጠየቀኝ። ትልቁ ብረት ያለው በስፖርት ክፍላችን ጥግ የተቀመጠውን ባለ እጀታ የ48 ኪሎ ክብደት ነው። እኔ ይህንኑ ብረት ለማንሣት አራት ዓመት ስለ ፈጀብኝ፣ ከአራቱም አንዱን በገዛ ጥፋቴ ስላባከንሁ፣ ጥያቄውን በአንድ ቃል መልሼ ላሰናብተው አልወደድሁም። የዛሬው ዓምዳችን ለእርሱና ለመሰሎቹ፣ እንዲሁም ብረቱ ባላቸውን ከቤት ያራቀባቸው ለሚመስላቸው እኅቶች የተጻፈ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ዕቃው ጥቂት እንበል። ከብረት ኳስ ላይ ወፍራም እጀታ የበቀለበትን ይህን ክብደት ሩስያውያን «ጊርያ» ይሉታል፤ በሌላው ዓለም ኬትልቤል በሚለው ስም ይታወቃል። ጥንተ አገልግሎቱ በገበያ እህል መመዘን ነበር። መለኪያውም ፑድ ሲሆን፣ አንድ ፑድ 16.38 ኪሎ ያህል ይመዝናል። የዛሬዎቹ የ16፣ የ24 እና የ32 ኪሎ ክብደቶች ከአንድ፣ ከአንድ ተኩልና ከሁለት ፑድ የመጡ ናቸው። የእኛው 48 ኪሎ እንግዲህ ሦስት ፑድ ገደማ መሆኑ ነው። ገበሬውና ነጋዴው ከገበያው መለስ ጉልበታቸውን ይፈትኑበት የነበረው ይህ የእህል ሚዛን ቀስ በቀስ ወደ ስፖርትነት አደገ፤ በሶቪየት ኅብረትም ደንብ ወጥቶለት እ.ኤ.አ. በ1985 በሊፔትስክ ከተማ የመላ ኅብረቱ ሻምፒዮና ተካሄደበት። በዚህ ስፖርት ተወዳዳሪው ክብደቱን መሬት ሳያስነካ እስከ 10 ደቂቃ ድረስ ደጋግሞ ያነሣል። ከጉልበት ጋር ትንፋሽንና ልብን የሚፈትነውም በዚህ ምክንያት ነው።

አሁን ወደ ጥፋቴ ልመለስ። በ16 ኪሎ ጀምሬ በሁለተኛው ዓመት 32 ኪሎውን በየእጄ አምስት አምስት ጊዜ ለማንሣት በቃሁ። በዚህ ጊዜ ትዕቢት አደረብኝ። 36 ኪሎውን ትቼ ወደ 40 ዘለልሁ፤ በሳምንት ሦስት ቀን የነበረውንም ልምምድ ስድስት አደረግሁት። አንድ ማለዳ ቀኝ ትከሻዬ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ክር ሲበጠስ ተሰማኝ። ለሐኪም አልነገርሁም፤ ለአዛዤም አልነገርሁም። በየሳምንቱ በወታደሩ ፊት ቆሜ ስለ ግልጽነት የማስተምረው ሰው ሕመሜን ደብቄ ተረኛ ሆኜ ማደሬን ቀጠልሁ። በዚያ ሌሊት ቀኝ እጄን የሚጠይቅ ችግር ቢመጣ ዋጋውን የሚከፍሉት አጠገቤ ያሉት ጓዶች እንደ ነበሩ ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

ነገሩን ያወቀችው ባለቤቴ ናት። አንድ ምሽት እራት ካቀረበች በኋላ፣ «ልጃችንን በግራ እጅህ ብቻ ማንሣት ከጀመርህ ሦስት ሳምንት አለፈ። ነገ ወደ ሐኪም ካልሄድህ ለአዛዥህ የምነግረው እኔ ነኝ» አለችኝ። ሄድሁ። ሐኪሙ ጅማቴ መቆሰሉን ገልጾ ለወራት ከብረት እንድርቅ አዘዘኝ።

በዚያው የዕረፍት ዘመን ለሥራ ወደ ጅቡቲ ከተማ ተላክሁ። በዚያ ከተማ ከሰኔ እስከ ነሐሴ ካምሲን የተባለው ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ ያልፋል። እኔም እንቅልፍ ሲነሣኝ ጎሕ ሳይቀድ ሲየስታ ወደሚባለው የባሕር ዳርቻ እየወጣሁ እመላለስ ነበር። በአሸዋው ላይ የሚሮጡትን ወጣቶች ባየሁ ቁጥር የማስበው ስለ ሁሴን አሕመድ ሳላህ ነበር።

ሳላህ የተወለደው የቀድሞው የኢትዮ ጅቡቲ ባቡር ያልፍባት በነበረችው በአሊ ሳቢህ ነው። አገሩ ነፃነቷን ያገኘችው እ.ኤ.አ. በ1977 ሲሆን፣ በ1984 በሎስ አንጀለስ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ እርሱ በማራቶን 20ኛ ወጣ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ተስፋ ይቆርጣል። እርሱ ግን በሚቀጥለው ዓመት በሂሮሺማ የዓለም ዋንጫ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ8 ደቂቃ ከ9 ሰከንድ አሸነፈ፤ ይህም እያንዳንዱን ኪሎ ሜትር በ3 ደቂቃ ከ2 ሰከንድ ገደማ መሮጥ ማለት ነው። የአገሩ ልጅ ጀማ ሮብሌም ሦስተኛ ወጥቶ ትንሿ ጅቡቲ በቡድን አንደኛ ሆነች። በ1987 በሮም የዓለም ሻምፒዮና ብር አገኘ። በሚያዝያ 1988 በሮተርዳም የእኛው በላይነህ ዲንሳሞ በ2፡06፡50 የዓለም ክብረ ወሰን ሲሰብር፣ 17 ሰከንድ ብቻ ዘግይቶ ተከትሎት የገባው ይኸው ሳላህ ነበር። በዚያው ዓመት በሴኡል ኦሊምፒክ በመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ወርቁን ለመውሰድ ተስፈንጥሮ ወጣ፤ ሆኖም ጣሊያናዊው ቦርዲንና ኬንያዊው ዋኪውሪ ቀደሙት። ከወርቁ በ27 ሰከንድ ርቆ ነሐስ አጠለቀ። ያች ነሐስ እስከ ዛሬ የጅቡቲ ብቸኛ የኦሊምፒክ ሜዳሊያ ናት። በ1991 በቶኪዮ ደግሞ ሌላ የዓለም ሻምፒዮና ብር ጨመረባት።

ከ20ኛነት እስከ ኦሊምፒክ ሜዳሊያ አራት ዓመት መሆኑን ልብ በሉ። እኔ ግን በአንድ ወር 8 ኪሎ ለመዝለል ቸኩዬ ነበር።

ከዕረፍቱ ስመለስ እንደገና ከ16 ኪሎ ጀመርሁ። አዳዲስ ምልምሎች 24 ኪሎውን እያነሡ በጎን ሲመለከቱኝ ቀላል አልነበረም። ይሁንና ምክንያቱን ተረድቼው ነበር። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምናገኘው ብርታት በአብዛኛው ነርቭ ጡንቻን ማዘዝ ከመልመዱ የሚመጣ ነው። ጡንቻ ራሱ የሚወፍረው ከዚያ በኋላ ነው፤ ጅማትና አጥንት ደግሞ ከሁሉም ዘግይተው ይጠነክራሉ። ስለዚህ ጡንቻህ «እችላለሁ» በሚልበት ቀን ጅማትህ ገና ዝግጁ ላይሆን ይችላል።

ስለሆነም ለጠያቂያችን የምመክረው ይህ ነው። በሳምንት ሦስት ቀን ብቻ፣ አንዱን ቀን እያሳለፍህ ተለማመድ። ጉልበትህ ከመሟጠጡ በፊት አቁም። በሁለቱም እጅ፣ ወገብህ ሳይጣመም አምስት ጊዜ ማንሣት ሳትችል ወደሚቀጥለው አትለፍ፤ ስታልፍም 4 ኪሎ ብቻ ጨምር። በየአራተኛው ሳምንት ሸክሙን ቀንስ። የሠራኸውን ሁሉ በደብተር ጻፍ፤ ሰው ራሱን ያታልላል፤ ደብተር ግን አያታልልም። በሞቃት ቆላ የምትገኝ ከሆነ ሰውነት ሙቀቱን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ስለሚፈጅበት በቀስታ ጀምር፤ ውኃ ጠጣ፤ ማለዳን ምረጥ። ሕመም ከተሰማህ በዚያኑ ቀን ተናገር።

ለእኅቶቻችንም አንድ ቃል አለኝ። ብርታት የሚሠራው በሜዳ ብቻ አይደለም፤ ሽሮው፣ ምስሩ፣ ዕንቁላሉና በቂ እንቅልፉ ድርሻ አላቸው። ይህ ግን እናንተ ማዕድ አቅራቢ ብቻ ሁኑ ማለት አይደለም። ባለቤቴ «አንተ የምትጠፋበትን ነገር እኔም ልየው» ብላ በ8 ኪሎ ጀመረች፤ ዛሬ 16 ኪሎውን ታነሣለች። ቤታችን ውስጥ አሁን ሁለት ደብተሮች አሉ፤ የልምምዱ ሰዓትም የጠብ ምክንያት መሆኑ ቀርቷል።

48 ኪሎውን ያነሣሁት በአራተኛው ዓመት፣ በአንድ ተራ ማክሰኞ ማለዳ ነው። ጭብጨባ አልነበረም። ብረቱን በቀስታ አውርጄ ቀኑን ጻፍሁ፤ ወደ ቤት ገብቼም ልጄን በቀኝ እጄ አነሣሁት። ባለቤቴ አይታ ፈገግ አለች፤ ምን እንደ ሆነም አልጠየቀችኝም።

ጠያቂዬ ሆይ፣ ሰኞ ማለዳ በስፖርት ክፍሉ እጠብቅሃለሁ። 16 ኪሎውን እኔ አዘጋጃለሁ፤ አንተ ደብተር ይዘህ ና።

በሚቀጥለው ሳምንት እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።