ምርምሩ የጋን ውስጥ መብራት አይሁንብን

ክቡር የጋዜጣው አዘጋጅ ሆይ፤

ስለ አገራችን የምርምር ሥራ ያለኝን አሳብ ለአንባብያን ለማቅረብ በዚህ ዓምድ ጥቂት ቦታ እንዲሰጡኝ በአክብሮት እለምናለሁ። እኔ በባሕር ዳር ከተማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሒሳብ የማስተምር መምህር ነኝ። ይህንን የምጽፈው ሊቃውንቱን ለመንቀፍ አይደለም፤ የደከሙበት ነገር ለተደከመለት ሰው እንዲደርስ ለመጠየቅ ነው።

ባሕር ዳር ለዚህ ጥያቄ የተመቸች ከተማ ናት። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋም ቆመባት፤ ኋላም መምህራንን የሚያሠለጥን የፔዳጎጂ አካዳሚ ተከፈተ፤ ሁለቱ በ1992 ዓ.ም. ተዋሕደው ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በዚሁ ከተማ የዓሣና የሌሎች የውኃ ውስጥ ሕይወት ምርምር ማዕከል አለ። በጢስ ዓባይ ከ1950ዎቹ ጀምሮ፣ በጣና በለስ ደግሞ ከ2002 ዓ.ም. ጀምሮ ከጣና በሚወጣው ውኃ ኤሌክትሪክ ይመነጫል። እንግዲህ በአንድ ሐይቅ ዙሪያ ሒሳቡም፣ የክፍል ትምህርቱም፣ ዓሣውም፣ ኤሌክትሪኩም ይጠናል ማለት ነው። ነገር ግን የሚጠናው ነገር ከዩኒቨርሲቲው አጥር ወጥቶ ከዓሣ አስጋሪው መረብ፣ ከባለቤቲቱ ምጣድና ከተማሪው ደብተር ሲደርስ የሚታየው ከስንት አንዴ ነው።

ስለ ዓሣው ልጀምር። በጣና ነጭ ዓሣ የምንለው ወገን በዓለም ሌላ ስፍራ የማይገኙ 15 ያህል ዝርያዎች ያሉት መሆኑን ከሆላንድ የመጡ ተመራማሪዎች ከአገራችን ባልደረቦቻቸው ጋር አጥንተው ጽፈዋል። እነዚሁ ጥናቶች እንዳመለከቱት፣ በሞተር ጀልባና በናይለን መረብ ማስገር ከተጀመረ ወዲህ፣ ከ1983 እስከ 1993 ዓ.ም. ባሉት አሥር ዓመታት ውስጥ የነጭ ዓሣው መጠን በሦስት አራተኛ ያህል ቀንሷል። ከምክንያቶቹም ዋናው፣ ዓሣው በክረምት ሊራባ ወደ ገባር ወንዞች በሚወጣበት ጊዜ መረቡ ከወንዙ አፍ ላይ ስለሚጠብቀው ነው። ይህ በውጭ አገር መጽሔቶች በእንግሊዝኛ ታትሟል። ታዲያ በደንገል ታንኳ የሚቀዝፈው ሰው ይህንን ከየት ያንብበው? የሚደርሰው ነገር ቢኖር «አታስግር» የሚል ትእዛዝ ብቻ ነው። ምክንያቱ ያልተነገረውን ትእዛዝ ደግሞ ሰው በቀን ቢያከብረው በሌሊት ይተላለፈዋል።

በኩሬ ዓሣ ስለ ማርባትም እንዲሁ ነው። ከተማሪዎቼ የአንዱ አባት የሆኑ ገበሬ ከጥቂት ዓመታት በፊት በጓሯቸው ኩሬ ቆፈሩ፤ የቆሮሶ ጫጩትም ተሰጣቸው። ዓመት ጠብቀው ውኃውን ቢያጎድሉት ኩሬው ጣት በሚያካክሉ ዓሦች ተሞልቶ አገኙት፤ ለሽያጭ ቀርቶ ለወጥ የሚሆን አልተገኘም። እሳቸውም «ዓሣ ለእኛ አልተፈቀደም» ብለው ኩሬውን ለሽንኩርት ማጠጫ አደረጉት። የነገሩ ምክንያት ግን ከታወቀ ቆይቷል። ቆሮሶ ገና በጥቂት ወሯ መራባት የምትጀምር ስለ ሆነች ኩሬው ቶሎ ይጨናነቅና ምግቡ ለሁሉም አይበቃም። መድኃኒቱም የታወቀ ነው፤ ቶሎ የሚያድጉትን ወንዶቹን ብቻ ለይቶ ማርባት ወይም ጫጩቶቹን እየበላ ቁጥራቸውን የሚቀንስ አምባዛ ጥቂት ቀላቅሎ መጨመር ነው። ከዚህም ሌላ ቆሮሶ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ የሚሞቅ ውኃ የምትወድ ስለ ሆነች፣ በደጋ ኩሬ እንደ ቆላው ታድጋለች ብሎ ተስፋ ማድረግ አይገባም። ይህ ሁሉ በብዙ መመረቂያ ጽሑፎች ውስጥ ተጽፎ በመደርደሪያ ላይ ተቀምጧል። ለገበሬው ግን አንዲት ገጽ አልደረሰችም። በዚህም የጠፋው የአንድ ኩሬ ዓሣ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ቤተ ሰብ እምነት ጭምር ነው። ሁለተኛ አዲስ ነገር ይዞ የሚመጣን ባለሙያ እኒህ ሰው በምን ልብ ይቀበሉታል?

ወደ ክፍሌ ስመለስ የማገኘው ነገር ከዚህ የሚለይ አይደለም። የ12ኛ ክፍልን ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት ውስጥ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያገኙት በ2014 ዓ.ም. 3.3፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4፣ በ2017 ዓ.ም. 8.4 ከመቶ ብቻ ናቸው። መሻሻሉ ደስ ያሰኛል፤ ይሁን እንጂ ከመቶው ከ90 በላይ የሚሆኑት ልጆች የአገር ልጆች ናቸውና ዝም ተብሎ የሚታለፍ ቁጥር አይደለም። ተማሪዎች በሒሳብ የሚደክሙበትን ምክንያት ለማወቅ ተመራማሪዎች በየጊዜው ወደ ትምህርት ቤታችን ይመጣሉ፤ መጠይቅ ያድላሉ፤ እኛም አንድ ክፍለ ጊዜ ለቀን እናስሞላለን። ባስተማርሁባቸው ዓመታት ግን ከእነዚህ መካከል አንዱ እንኳ ተመልሶ «ልጆቻችሁ እንዲህ አሉ፤ ስለዚህ እንዲህ ብታደርጉ ይሻላል» ያለን የለም። አንዲት ተማሪዬ ባለፈው ዓመት መጠይቁን ስትቀበል «መምህር፣ የአምናው መልስ ምን ሆነ?» ብላ ጠየቀችኝ። ለዚህ ጥያቄ መልስ መስጠት የሚገባው ጠያቂው እንጂ እኔ አልነበርሁም።

በልጅነቴ የተማርሁበት የሚስዮን ትምህርት ቤት የአትክልት ቦታ ነበረው። አስተማሪያችን የመደቡን ስፋት ሳንለካና የሚበቃውን ዘር ሳናሰላ አንዲት ፍሬ እንኳ እንድንዘራ አይፈቅዱልንም ነበር። ስለዚህ ስፋት ማለት ምን እንደ ሆነ የገባኝ ከሰሌዳው ላይ ሳይሆን ከጎመኑ መደብ ላይ ነው። ዛሬ የእኔ ተማሪዎች ጣናን ከመስኮት እያዩ፣ በመጽሐፋቸው ውስጥ ግን አይተውት የማያውቁትን ነገር ያሰላሉ። ምርምሩ በእጃችን ቢገባ ኖሮ የአካባቢያችን ጉዳይ ሁሉ ሒሳብ ይሆንልን ነበር። ምሳሌ ልስጥ።

የዓሣ ክብደት ከርዝመቱ ጋር በኩብ ስሌት ገደማ ይሄዳል። እንግዲህ 15 ሳንቲ ሜትር የሆነች ቆሮሶ እስክትጎለምስ ብትተውና 30 ሳንቲ ሜትር ብትደርስ፣ ርዝመቷ እጥፍ ሲሆን ክብደቷ ስምንት እጥፍ ያህል ይሆናል። ይህንን የተረዳ የዓሣ አስጋሪ ልጅ ለአባቱ የመረቡ ዓይን ለምን መስፋት እንዳለበት ያለ ፖሊስ ያስረዳል። ደግሞም ቬርሁልስት የተባለው የቤልጅግ የሒሳብ ሊቅ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1838 ባወጣው ስሌት መሠረት፣ በአንድ ስፍራ የሚራባ ፍጥረት ቁጥሩ በፍጥነት የሚጨምረው ስፍራው ሊችል ከሚችለው ግማሽ ላይ ሲደርስ ነው። ይህ በክፍላችን ከምናስተምረው የሁለተኛ ዲግሪ እኩልታ የራቀ አይደለም፤ ዓሣን ሳያጠፉ ምን ያህል ማስገር ይቻላል ለሚለው ጥያቄም መነሻው እሱ ነው።

ስለ ኤሌክትሪክም እንዲሁ ነው። በጣና በለስ ውኃው ከ300 ሜትር በላይ ወርዶ ነው ተርባይኑን የሚያዞረው። በሴኮንድ አንድ ሜትር ኩብ ውኃ 300 ሜትር ቢወርድ፣ በመንገድ የሚባክነውን ሳንቀንስ 2,940 ኪሎ ዋት ያህል ይሰጣል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎ ዋት ይወስዳል ብንል፣ ያ ውኃ 840 ምጣድ በአንድ ጊዜ ያስግላል ማለት ነው። ይህንን ያሰላ ልጅ በቤቱ ሸክላው እስኪግል የሚባክነውን ኃይል ያስባል፤ እናቱም ምጣዱ አንዴ ከጋለ ከጎረቤታቸው ጋር ተራ በተራ ቢጋግሩ እንደሚሻል ይነግራቸዋል። ትልቁ የሕዳሴ ግድብ በጳጉሜን 2017 ዓ.ም. 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ይዞ ተመርቋል። ያንን የሚያህል ኃይል ያላት አገር ልጆቿ ኪሎ ዋት ምን እንደ ሆነ በቃላቸው ብቻ ሸምድደው ቢቀሩ አያሳዝንምን?

እርግጥ ይህ ሲነገር «ሳይንስ በአገር ቋንቋ አይገለጥም» የሚል አይጠፋም። እኔ ግን ከማዕድ ቤት ምስክር አቀርባለሁ። ከሰል የሚቆጥበው ምድጃ ላቀች ተባለ፤ ማገዶ የሚቆጥበው የእንጀራ ምድጃ ምርጥ ተባለ፤ ሁለቱም ከሙከራ ቤት ወጥተው ገበያ ገቡ። የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከል ያወጣው የጤፍ ዝርያ የፊደልና የቁጥር ስም ነበረው፤ ገበሬው የሚጠራው ግን ቁንጮ ብሎ ነው። ስማቸው የሕዝቡ ስም ስለ ሆነ ብቻ ተስፋፉ አልልም፤ ነገር ግን ሕዝቡ ሊጠራው የማይችለውን ነገር ሊጠይቅም ሆነ ሊገዛ አይችልም። ቃል ቢያጥር እንኳ የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ ያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላት አለ።

ሌላው «ተመራማሪው ማዕረግ የሚያገኘው በውጭ መጽሔት ሲያሳትም ነው፤ ጊዜ የለውም» ይላል። በእንግሊዝኛ መጻፉን ይተው የሚል የለም፤ ዓለም የሚሰማን በዚያ ነውና። እኛ የምንለው ለሁለት መቶው ገጽ አራት ገጽ ይጨመርለት ነው። ሦስተኛውም «ያልበሰለ ጥናት ለሕዝብ ቢነገር ያሳስታል» ይላል፤ ይህ ቁም ነገር ያለው ተቃውሞ ነው። መልሱ ግን መደበቅ ሳይሆን የተረጋገጠውንና ገና የሚያጠራጥረውን ለይቶ መጻፍ ነው። በእህልና በከብት ከዓመት ዓመት ሲፈርድ የኖረ ገበሬ «ይህ ገና አልተረጋገጠም» ቢባል የማይገባው ሰው አይደለም።

ስለዚህ የሚከተለውን አሳብ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ማናቸውም የመመረቂያ ጽሑፍ ከመጽደቁ በፊት፣ ምን እንደ ተጠየቀ፣ ምን እንደ ተገኘ፣ ምን ቢደረግ እንደሚሻልና ምን ገና እንዳልተረጋገጠ የሚገልጽ አራት ገጽ ጽሑፍ ጥናቱ በተካሄደበት አገር ቋንቋ ይቅረብ። በባሕር ዳር አማርኛ ይሁን፤ በሌላው ስፍራ የዚያው ሕዝብ ቋንቋ ይሁን።

ሁለተኛ፤ ከትምህርት ቤት ወይም ከቀበሌ መጠይቅ ያስሞላ ሰው ውጤቱን ይዞ አንድ ቀን ይመለስ፤ ሰብስቦም ያንብብላቸው። የሰውን ጊዜ ተበድሮ አለመመለስ ዕዳ መብላት ነው።

ሦስተኛ፤ እኛ መምህራን ደግሞ እጃችንን አጣጥፈን አንጠብቅ። እያንዳንዱ የሒሳብና የፊዚክስ ክፍል በዓመት አሥር ያህል ጥያቄዎችን ከአካባቢው ጥናት ያውጣ፤ ጎረቤት ትምህርት ቤቶችም ይለዋወጡ።

አራተኛ፤ ክቡር አዘጋጅ ሆይ፣ ጋዜጣዎ በሳምንት አንድ ጊዜ ለእነዚህ አጫጭር ጽሑፎች ዓምድ ቢከፍት ሥራው በግማሽ ይቀላል።

ይህ አዲስ አሳብ አይደለም። ከ1957 ዓ.ም. ጀምሮ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ከመመረቃቸው በፊት አንድ ዓመት በየጠቅላይ ግዛቱ፣ አብዛኞቹም በመምህርነት ያገለግሉ ነበር። በዚያን ጊዜ ዩኒቨርሲቲው ጥቂት ተማሪዎች ይዞ አንድ ዓመት መስጠት ከቻለ፣ ዛሬ ከ40 በላይ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ያሏት አገር አራት ገጽ መስጠት አያቅታትም። በጋን ውስጥ የተቀመጠ መብራት ዘይቱን ይጨርሳል እንጂ ለቤተ ሰቡ አያበራም። መብራቱን የለኮሱትን እያመሰገንሁ፣ ከጋኑ አውጥተው ከመቅረዙ ላይ እንዲያኖሩልን እለምናለሁ።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፣
አንድ የሒሳብ መምህር
ከባሕር ዳር