የብላክቤሪ ጥንካሬና ድክመት፦ የሥራ ስልክ በምን ይመዘን?

ለመሥሪያ ቤት የሚገዛ ስልክ አብዛኛውን ጊዜ የሚመዘነው በዋጋው፣ በባትሪው ቆይታና በፍጥነቱ ነው። እነዚህ መመዘኛዎች ተገቢ ቢሆኑም በቂ አይደሉም። የሥራ ስልክ ውል፣ ውሳኔና ምሥጢር የሚመላለስበት ዕቃ በመሆኑ፣ መልእክቱ የሚያልፍበት መንገድ የማን እንደሆነም መጠየቅ ይገባል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የብላክቤሪን ታሪክ በአስረጅነት በማቅረብ አንድ አስተያየት መሰንዘር ነው፤ ይኸውም የዚህ ስልክ ጥንካሬና ድክመት የተቀዱት ከአንድ ምንጭ ነው የሚል ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ብላክቤሪን የሠራው ሪሰርች ኢን ሞሽን የተባለው ኩባንያ በ1984 በካናዳ፣ በዋተርሉ ከተማ ተቋቋመ። በ1999 ኢሜይል የሚቀበልና የሚልክ አነስተኛ መሣሪያ በብላክቤሪ ስም ለገበያ አቀረበ፤ በ2002 ደግሞ የስልክ አገልግሎት ጨመረበት። የመሣሪያው ዋና ብልጫ ባለቤቱ ኢሜይሉን መፈለግ የማያስፈልገው መሆኑ ነበር። ለመሥሪያ ቤቱ የደረሰው መልእክት እዚያው በተተከለው ሰርቨር ተመሥጥሮና መጠኑ ተቀንሶ፣ በኩባንያው የራሱ ማእከል በኩል አልፎ ወዲያውኑ ኪስ ውስጥ ወዳለው ስልክ ይደርሳል። የሞባይል ኢንተርኔት ዘገምተኛና ውድ በነበረበት በዚያ ዘመን ይህ አሠራር ገንዘብንም ባትሪንም ይቆጥብ ነበር። የምሥጠራው ቁልፍ በመሥሪያ ቤቱ እጅ ስለሚቀር፣ ኩባንያው ራሱ የድርጅቶችን ኢሜይል ሊያነብ እንደማይችል ያስታውቅ ነበር። ባራክ ኦባማ በ2009 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት ሲሆኑ፣ ተጨማሪ ጥበቃ ተደርጎለት ብላክቤሪያቸውን ይዘው መቀጠላቸው የስልኩን ዝና የሚያሳይ ነው።

ይሁን እንጂ ሁሉም መልእክት በአንድ ኩባንያ ማእከል ማለፉ ሌላ ገጽታም ነበረው። በመጀመሪያ፣ ጥበቃው ለሁሉም እኩል አልነበረም፤ የራሱን ሰርቨር ያልተከለ ተራ ደንበኛ የድርጅቶቹን ያህል ከለላ አያገኝም ነበር። ሁለተኛ፣ መንገዱ ከአገር ውጭ ማለፉ ከመንግሥታት ጋር አጋጨው። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች በ2010 አገልግሎቱን ከኦክቶበር 11 ጀምሮ እንደምታግድ አስታወቀች፤ እገዳው የተነሣው ቀኑ ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው በተደረሰ ስምምነት ነበር። በእነዚያ ሳምንታት ሥራውን በስልኩ ላይ ያደላደለ ነጋዴ ሁሉ ዕጣ ፈንታው እርሱ በሌለበት ድርድር የሚወሰን ሆነ። ሦስተኛ፣ ኦክቶበር 10 ቀን 2011 በኩባንያው ማእከል አንድ ዋና መሣሪያ ተበላሸ፤ ተተኪ ሆኖ የተዘጋጀውም እንደታሰበው አልሠራም። በአውሮፓ፣ በመካከለኛው ምሥራቅና በአፍሪካ የጀመረው መቋረጥ ወደ አሜሪካ አህጉር ተዛምቶ ለቀናት ዘለቀ። በተጠቃሚዎቹ እጅ የነበሩት ስልኮች ጤነኞች ነበሩ፤ የታመመው መንገዱ ነው።

ስለ ቁልፍ ሰሌዳውም ተመሳሳይ ነገር ማለት ይቻላል። ጎበጥ ጎበጥ ያሉት ቁልፎች በአውራ ጣት ረጅም ደብዳቤ ያለ ስሕተት ለመጻፍ እጅግ የተመቹ ነበሩ። ነገር ግን የስልኩን ፊት ግማሽ ያህል ስለያዙ ለስክሪኑ የቀረው ቦታ ጠባብ ሆነ። በፋብሪካ የታተመ ቁልፍ እንደ ተጠቃሚው ቋንቋ መልኩን አይለውጥም፤ በንክኪ ስክሪን ላይ ግን የግዕዝ ፊደልም እንደ ላቲኑ ይሣላል። አይፎን በ2007 ሲመጣ ይህ ልዩነት ጎልቶ ታየ። ብላክቤሪ በ2008 ስቶርም የተባለ የንክኪ ስልክ፣ በ2013 ደግሞ አዲስ የአሠራር ሥርዓት ቢያወጣም፣ የመተግበሪያ ሠሪዎች ትኩረት አስቀድሞ ወደ አይፎንና ወደ አንድሮይድ ዞሮ ነበር። ኩባንያው በ2016 ስልክ በራሱ ማምረቱን አቆመ። ጃንዋሪ 4 ቀን 2022 ደግሞ በራሱ ሥርዓት ለሚሠሩት ነባር ስልኮች ይሰጥ የነበረውን አገልግሎት አቋረጠ። ከዚያ ቀን ወዲህ፣ ምንም ያልተሰበረ ስልክ እንኳ ለመደወልና ለመልእክት የሚያስተማምን አልሆነም።

ይህ ያለፈ ታሪክ ነው፣ ዛሬ ያሉት ስልኮች ብዙ አማራጭ አላቸው የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። ተቃውሞው ከፊል እውነት አለው፤ አንድ መተግበሪያ ቢቋረጥ ሌላ ይገኛል። ነገር ግን የመሥሪያ ቤቱ ደብዳቤና ሰነድ በአንድ የመልእክት መተግበሪያ ብቻ የሚመላለስ ከሆነ የብላክቤሪ ችግር መልኩን ለውጦ ተመልሷል ማለት ነው። በአገራችን በ2021 ቴሌብር ሥራ ከጀመረ ወዲህ ስልክ የክፍያ መሣሪያም ሆኗልና የመቋረጥ ጉዳቱ ደብዳቤ በማዘግየት ብቻ አይወሰንም።

ስለዚህ የግዥ ኮሚቴዎች ከዋጋና ከፍጥነት በተጨማሪ ሦስት ጥያቄዎችን በመመዘኛቸው ቢያካትቱ መልካም ነው። አምራቹ የደኅንነት ማሻሻያ እስከ የትኛው ዓመት ይሰጣል? ዋናው መንገድ ሲዘጋ ሥራው የሚቀጥልበት ሁለተኛ መንገድ ምንድን ነው? የመልእክቶቹና የሰነዶቹ ቅጂስ በመሥሪያ ቤቱ እጅ ይቀራል ወይስ በአገልግሎት ሰጪው ዘንድ ብቻ? ለእነዚህ በጽሑፍ መልስ ያልተገኘለት ስልክ፣ ምንም ያህል ቢያምር፣ ለሥራ ተመርጧል ሊባል አይገባም።