ብልቃጡ ለአንድ ሕፃንም ይከፈት

የእህቴ ልጅ በኩሯን ወልዳ ከሆስፒታል የወጣችው ማክሰኞ ነበር። የመውጫ ወረቀቷ ላይ የሐኪሙ ፊርማ አለ፤ የሕፃኑ ክብደት ተጽፏል። በክትባት ካርዱ ላይ ግን የቲቢ መከላከያው የቢሲጂ ረድፍ ባዶ ነው። ስንጠይቅ፣ «ዛሬ ሕፃናት አልሞሉም፤ ሐሙስ ይዛችሁት ኑ» ተባልን። ሐሙስ አራሷን ስፌቱ እያመማት መነሣት አቃታት። በሁለተኛው ሐሙስ ዝናቡ አላስወጣ አለ። በሦስተኛው አማቷ፣ «እንግዲህ ክርስትናው ይለፍ» አሉ። ልጁ ወንድ ነውና 40 ቀን ተጠበቀ። በተወለደ ዕለት ሊሰጠው የሚገባውን ክትባት ያገኘው ከዚያ በኋላ ነው።

ነርሷን አልወቅስም። አንዱ የቢሲጂ ብልቃጥ ለ20 ሕፃናት የሚሆን ነው፤ ዱቄቱ አንዴ ከተበጠበጠ የሚያገለግለው ለ6 ሰዓታት ብቻ ነው፤ የተረፈው ይደፋል። የተደፋው ብክነት ተብሎ ይቆጠራል፤ ሳይከተብ ወደ ቤቱ የተመለሰውን ልጅ ግን ማን ይቆጥረዋል?

ቢሲጂ አዋቂን ከሳንባ ነቀርሳ በመከላከል ብዙ አይመካም። ጉልበቱ ያለው ሕፃናት ላይ ነው፤ የአንጎልን ሽፋን ከሚያጠቃው የቲቢ ማጅራት ገትርና በደም ተሠራጭቶ መላ አካልን ከሚወርረው ቲቢ ይታደጋቸዋል። ካልሜትና ጌራን የተባሉት ፈረንሳውያን ተመራማሪዎች 13 ዓመት የደከሙበት፣ በ1921 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ ለአራስ ልጅ የተሰጠው ለዚሁ ነው። በእኛ አገርም መርሐ ግብሩ «እንደተወለደ» ይላል። አራስ ጥየቃ የሚመጣው ዘመድ ሁሉ ሕፃኑን አቅፎ ይስማል፤ ከመካከላቸው ሳምንታት የዘለቀ ሳል ያለበት ቢኖር ማን ያውቃል?

ቅሬታዬ ሐኪሞቻችን ላይ ነው። ብዙዎቹ የክትባቱን ጥቅም ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ሥራው ግን «የክትባት ክፍል ነው» ብለው ያልፉታል። ነርሷ ብልቃጡን ለአንድ ልጅ ለመክፈት ስትፈራ፣ «ክፈቺው፤ ኃላፊነቱ የእኔ ነው» የሚላት ሐኪም ያስፈልጋታል። 19 ሕፃናት የሚከተቡበት መድኃኒት ቢደፋ ሊተካ ይችላል። ማጅራት ገትር የጎዳው የልጅ አንጎል ግን አይተካም።

ዶክተር፣ እናቲቱን ሲያሰናብቱ ካርዱን ይጠይቋት። ያ ረድፍ ባዶ ከሆነ፣ ፊርማዎ ክትባቱን ይጠብቅ።