ጉድጓድ ቆጥሮ ንጽህና አይገኝም

በነሐሴ 2014 ዓ.ም. ኮሌራ በባሌ ዞን ሀረና ቡሉቅ ወረዳ ታየ፤ ውሎ አድሮም ወደ ሶማሌና ወደ ደቡብ ተሻገረ። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም ከተጀመረ ያን ጊዜ ሃያ ዓመት ሊሞላው ምንም አልቀረውም ነበር። ቀበሌዎችም «ከሜዳ ላይ መጸዳዳት ነጻ» እየተባሉ በበዓል ሲታወጅላቸው ዓመታት ተቆጥረዋል። ኮሌራን ሽንት ቤት ብቻውን እንደማያቆመው አውቃለሁ፤ የመጠጥ ውሃው ነገር አለ። ሆኖም ወረርሽኙ አንድ ጥያቄ እንድናነሳ ያስገድደናል፦ በየግምገማው የሚቀርበው የሽንት ቤት ብዛት ምን ያህል ይታመናል?

ሜዳ ላይ መጸዳዳትን ለማስቀረት የሚካሄደው ዘመቻ ደጋፊዎች መልስ አላቸው። በዓለም ጤና ድርጅትና በዩኒሴፍ የጋራ ግምት፣ በ1990 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሜዳ ላይ የሚጸዳዳው ኢትዮጵያዊ 92 በመቶ ነበር፤ በ2015 ግን 29 በመቶ ሆኗል። ይህን ማናናቅ ግፍ ነው። ሰውን ከሜዳ ያወጡት በየጎጆው የተንከራተቱት የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ናቸው። ግን ሰው ከሜዳ ወጥቶ የት ገባ? የ2008ቱ ዓ.ም. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት እንዳሳየው፣ የተሻሻለና የራሱ ብቻ የሆነ መጸዳጃ ያለው የገጠር ቤተሰብ 4 በመቶ ገደማ ነበር። አብዛኛው የገባው ዝንብ ወደሚመላለስበት ክፍት ጉድጓድ ነው።

ያ ጉድጓድም በየአፈሩ እኩል አይጸናም። በባሌ የሮቤ ዙሪያና የሲናና ሜዳ አፈር ዋልካ ነው። ስንዴ ያበቅላል፣ ጉድጓድ ግን አይወድም። በዝናብ ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ በዚያ ደግሞ ዝናቡ በዓመት ሁለቴ ነው። በድንጋይ ያልተገነባ ጉድጓድ ግድግዳው ይናዳል፣ የእንጨት ወለሉም ይበሰብሳል። ገበሬው ዳግመኛ ቢቆፍርም ያው አፈር ነው የሚጠብቀው። ሪፖርቱ ላይ ግን ቤቱ «ሽንት ቤት ያለው» እንደተባለ ይቀራል። የጉድጓዱን መናድ «የአመለካከት ችግር» ብሎ መመዝገብ የመሐንዲስን ሥራ ለሰባኪ መስጠት ነው።

ታዲያ ጠንካራው ወለል ለምን በድጎማ አይቀርብም ሲባል፣ «በነጻ የተሰጠ ነገር አይከበርም፤ ወለሉን ብንሰጥ የዕቃ ማስቀመጫ ያደርጉታል» የሚል ክርክር አለ። የዘመቻው ዘዴም ለቤተሰብ ድጎማ አይሰጥም። ክርክሩ መሠረት የለውም አልልም፤ ሰው ያልጠየቀውን ዕቃ ማደል በብዙ አገር ከስሯል። ነገር ግን ማዳበሪያ ሲወደድ መንግሥት ደጉሟል፣ ያን ጊዜ ገበሬው ዕቃውን አያከብርም ያለ የለም። ስንዴው የአገር ጉዳይ ከሆነ ሽንት ቤቱስ? የወይብ ወንዝ ከባሌ ተራሮች ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ በኩል ወደ ቆላው ይፈሳል። ከላይ የተደረመሰው ጉድጓድ ከታች ያለውን ሰው ያሳምማል፤ ወጪው የባለቤቱ ብቻ የሚሆንበት ምክንያት አይታየኝም።

ስለዚህ ዋልካ ባለባቸው ወረዳዎች ጉድጓዱን የሚደግፈው ድንጋይና የሚታጠበው ወለል በድጎማ ይቅረብ፤ ቁፋሮውና ጎጆው የቤተሰቡ ድርሻ ይሁን። ወረዳውም የሚገመገመው በታወጀበት ቀን ባስመዘገበው ቁጥር ሳይሆን፣ ሁለት ክረምት ካለፈ በኋላ ሳይናድ በቆመውና ሰው በሚገባበት ሽንት ቤት ይሁን።