ስጦታም፣ መርዝም፣ ጋብቻም የሆነው ቃል

«ጊፍት» የምትለዋን ቃል የማያውቅ የከተማ ልጅ የለም። በየሱቁ መስታወት ላይ ተጽፋ እናያታለን፤ እንግሊዝኛ ለሚማሩ ልጆቻችን ትርጉሟ ስጦታ ነው። ጀርመን አገር ግን ይህችው ቃል፣ በእነዚያው አራት የላቲን ፊደላት ተጽፋ፣ መርዝ ማለት ናት። ስዊድን ሲሻገሩ ደግሞ ሁለት ትርጉም አላት፦ አንዱ መርዝ፣ ሌላው ያገባ ወይም ያገባች። ስዊድኖች ራሳቸው ይቀልዱባታል።

ሦስቱ ቋንቋዎች የአንድ እናት ልጆች ናቸው። የቃሏም ሥር «መስጠት» ነው። በጥንቱ እንግሊዝኛ ለሙሽሪት የሚከፈል ጥሎሽ ማለት ነበረች። ስዊድንኛው ልጅን ለባል ከመስጠት ተነሥቶ ጋብቻ ላይ ደረሰ። እኛስ ብንሆን «ልጄን ሰጠሁ» እንል የለ? ጀርመንኛም የዱሮውን ትርጉም «ሚትጊፍት» በሚለው ቃል ውስጥ ይዞ ቀርቷል፤ ሙሽሪት ከወላጆቿ ቤት ይዛው የምትሄደው ሀብት ማለት ነው።

መርዙ ከየት መጣ? ግሪኮች ሐኪም ለክቶ የሚሰጠውን መድኃኒት «ዶሲስ»፣ ማለትም «የተሰጠ» ይሉት ነበር። የዛሬው «ዶዝ» ከዚያ የመጣ ነው። ጀርመኖችም ይህንኑ አካሄድ በራሳቸው ቃል ተከተሉ። ሰው ክፉን ነገር በስሙ መጥራት ስለሚፈራ «የተሰጠው» የሚለው ለስላሳ ቃል ቀስ በቀስ የመርዝ ስም ሆኖ ቀረ።

እዚህ ላይ ወደ ቤታችን ልመለስ። እኛም «የአይጥ መድኃኒት»፣ «የትኋን መድኃኒት» እንላለን። አዋቂ አይሳሳትም። የሦስት ዓመት ልጅ ግን መድኃኒት ሲባል የሚያውቀው ሲያስለው እናቱ በማንኪያ የምትሰጠውን ጣፋጭ ሽሮፕ ነው። ይህን ቃል ሰምቶ ጓዳ ውስጥ ያለውን ብልቃጥ ቢያገኝ ምን ያስባል? ስለዚህ እኔ የልጅ ልጆቼ ባሉበት «የአይጥ መርዝ» ነው የምለው። ብልቃጡንም ከፍ ካለ ቦታ አስቀምጦ መቆለፍ ነው፤ ቃል ብቻውን ልጅ አይጠብቅም።

የልጅ ልጅ ለማሳደግ ወደ ጀርመን የምትሄዱ እናቶችና አባቶችም፣ ከዕቃ ማጠቢያው ሥር ይህች ቃል የተጻፈበት ዕቃ ብታዩ ስጦታ እንዳይመስላችሁ። ለልጆቹም ንገሯቸው።